የ1 ሰዓቱ ፕሮግራም ለምን 41 ደቂቃ ሆነ? ከኢንተርኔት ሬዲዮ መቅዳት ላስቸገራት እህት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው የምትኖረው። አባቷ እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ የትረካ ፕሮግራም ይወዳሉ። የጣቢያው ኤፍኤም ጅማ ስለማይደርስ በኢንተርኔት ነው የሚሰሙት። በሳምንቱ ውስጥ ደግመው እንዲያዳምጡት በላፕቶፕ ቀድታ በፍላሽ ልትሰጣቸው ፈለገች። ሦስት እሁድ ሞከረች። መጀመሪያ "ስቴሪዮ ሚክስን ኢኔብል አድርጊ" ብለዋት አድርጋ፣ በብሉቱዝ ኢርፎን እየሰማች ቀዳች። ፋይሉ 1 ሰዓት ሙሉ ዝም። ለሁለተኛው እሁድ መቅጃ ፕሮግራሙን፣ ኦዳሲቲን፣ አጥፍታ እንደገና ጫነችው። ተራኪው ከሩቅ ይሰማል፣ ከሱ በላይ ግን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብና የእናቷ ሙቀጫ ይሰማል። ሦስተኛው እሁድ ሉፕባክ የሚለውን መረጠች። ድምፁ ጥርት አለ፣ ግን ፋይሉ 41 ደቂቃ ብቻ ነው። ቃል መሃል ላይ ይዘላል፣ መጨረሻው ላይ ግን የአቅራቢው ስንብት አለ። "ችግሩ ላፕቶፑ ነው ወይስ እኔ?" ትላለች።

እህቴ፣ ላፕቶፑም ደህና ነው፣ አንቺም ደህና ነሽ። ሦስቱ ፋይሎች ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሁለቱን ሳታውቂው ራስሽ አልፈሻቸዋል። እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል፣ ሰው መጥቶ የሚለኝ "አይቀዳም" ብቻ ነው። አንቺ ሙቀጫውን ሳይቀር ጽፈሻል። ለኔ ያ ሙቀጫ ከማንኛውም የኤረር መልእክት ይበልጣል።

በአማርኛ ውሃም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል። ይሄ እዚህ ጋ በጣም ይጠቅመናል። ውሃ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከየት እንደሚቀዳ ነው። ከምንጩ? ከቧንቧው? ወይስ ከጣሪያ የሚወርደውን በባልዲ? ድምፁም እንደዚያው ነው። ከጣቢያው ሰርቨር ይነሳል፣ በኔት ይመጣል፣ ብራውዘሩ ይፈታዋል፣ ለዊንዶውስ ያስረክበዋል፣ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ሳውንድ ካርዱ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ በስፒከር ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ባልዲሽን እዚህ መንገድ ላይ የፈለግሽበት ቦታ ማስቀመጥ ትችያለሽ። የመጀመሪያው እሁድ ያስቀመጥሽው ውሃ የማያልፍበት ቧንቧ ስር ነው። ሁለተኛው እሁድ ከጣሪያው ስር። ሦስተኛው እሁድ ቧንቧው ትክክል ነበር፣ ውሃው ነው የተቆራረጠው።

ዝም ካለው ፋይል እንጀምር። ስቴሪዮ ሚክስ የላፕቶፑ የራሱ ሳውንድ ካርድ ንብረት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሪልቴክ የሚባለው ኩባንያ ሥራ። ካርዱ ወደ ስፒከር የሚልከውን ድምፅ መልሶ ለመቅጃው ይሰጣል። ብሉቱዝ ኢርፎን ስታገናኚ ግን ድምፁ በሪልቴክ በኩል ማለፉን ያቆማል። ለዊንዶውስ ብሉቱዙ ራሱን የቻለ ሌላ ሳውንድ ካርድ ነው። አንቺ በጆሮሽ ትረካውን እየሰማሽ ነው፣ ስቴሪዮ ሚክስ ደግሞ ባዶ ቧንቧ ስር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። 1 ሰዓት ሙሉ ጠበቀ።

ይሄን ለወደፊቱም ማወቂያ አለው። ኦዳሲቲ ውስጥ ያንን ፋይል ከፍተሽ መስመሩን አጉልተሽ እዪው። በክር የተሰመረ ይመስል ፍጹም ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ድምፅ የማይመጣበት በር ከፍተሻል ማለት ነው። ማይክ ቢሆን ኖሮ ሌሊት እንኳን፣ ማንም በሌለበት ክፍል፣ መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሉቱዙን አጥፍተሽም አሁንም ቀጥ ካለ፣ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ገብተሽ ማይክሮፎን የሚለውን ክፈቺና ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጪ። "ማይክ አልተጠቀምኩም እኮ" እንዳትይ። ዊንዶውስ ስቴሪዮ ሚክስንም የሚቆጥረው እንደ ማይክ ነው፣ ማይክ ሲዘጋ እሱም አብሮ ይዘጋል።

ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ስቴሪዮ ሚክስ ጭራሽ የለም። ሰው እሱን ፍለጋ ከማይታወቅ ቦታ ድራይቨር አውርዶ ሳውንዱን ጨርሶ ገድሎ ይመጣል። አያስፈልግም፣ ተዪው። ሉፕባክ እያለ ስቴሪዮ ሚክስ የድሮ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ፋይል ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሙቀጫ ከተሰማ ማይክ ነው የቀዳው፣ አለቀ። ኦዳሲቲን አጥፍተሽ ስትጭኚው ምርጫው ወደ ላፕቶፑ ማይክ ተመለሰ፣ ማይኩም ከስፒከሩ የወጣውን፣ ዝናቡን፣ ጓዳውን አንድ ላይ አፈሰው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፦ ያንን ፋይል በኖይዝ ሪዳክሽን አጸዳለሁ ብለሽ ጊዜሽን አታጥፊ። ኖይዝ ሪዳክሽን የሚሠራው ለማያቋርጥ፣ አንድ ዓይነት ለሆነ ድምፅ ነው፣ እንደ ቬንቲሌተር ወይም እንደ ፍሪጅ። ሙቀጫ ደግሞ ቡም ብሎ ዝም ይላል፣ እንደገና ቡም ይላል። የክረምቱ ዝናብ በበኩሉ ከተራኪው ድምፅ ጋር አንድ ላይ ነው የተቀመጠው። ዝናቡን ስትላጪ ሰውየውንም ትላጪዋለሽ፣ በመጨረሻ ከበርሜል ውስጥ የሚናገር ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ 41 ደቂቃው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ዊንዶውስ ዋሳፒ የሚባል የድምፅ መንገድ አለው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነው ያለው። ኦዳሲቲ ውስጥ ኦዲዮ ሴትአፕ የሚለውን ነክተሽ ሆስት የሚለው ላይ ዋሳፒን ስትመርጪ፣ መቅጃዎቹ ዝርዝር ውስጥ የስፒከርሽ ስም ከጎኑ ሉፕባክ የሚል ተጽፎበት ይመጣል። እሱን ነው የመረጥሽው፣ ትክክል ነሽ። ሉፕባክ ከማይክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ኮምፒውተሩ የሚያጫውተውን ብቻ በዲጂታል ይወስዳል። ለዚያም ነው የጠራው።

ግን አንድ ጠባይ አለው። የሚጫወት ድምፅ ከሌለ አይቀዳም። ዝምታን እንደ ዝምታ አድርጎ አይጽፍም፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ድምፁ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ኔቱ ሲቋረጥ፣ ገጹ ላይ ያቺ ክብ ነገር ስትሽከረከር፣ ብራውዘሩ ለዊንዶውስ የሚሰጠው ድምፅ ያልቅበታል። ኦዳሲቲም ይቆማል። 2 ደቂቃ ከተሽከረከረች 2 ደቂቃው ፋይሉ ውስጥ የለም፣ ክፍተቱም የለም። "ንጉሡ ከፈረሱ ወረ..." ብሎ ሳይጨርስ ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው ሲናገር ትሰሚያለሽ። የዘለለብሽ ቃል ይሄ ነው። የጠፉት 19 ደቂቃዎች በሙሉ ተደማምረው የኔቱ መቋረጥ ናቸው።

በጣም የጠቀመኝ ደግሞ መጨረሻው ላይ ስንብት አለ ማለትሽ ነው። አንዳንድ ማጫወቻ ኔት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ከቀጥታው ስርጭት ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በሰዓቱ ስታቆሚው መጨረሻው ይቀርብሽ ነበር። ያንቺ ግን መሃሉ ጠፍቶ ስንብቱ አለ። ስለዚህ የጣቢያው ማጫወቻ ኔት ሲመለስ ዘሎ ቀጥታው ላይ ነው የሚገባው። የዘለለውን ደግሞ ሰርቨሩ ላንቺ ብሎ አያስቀምጠውም። ኦዳሲቲ ላይ ሌት ተቀን ሴቲንግ ብትቀያይሪ ያ 19 ደቂቃ አይመለስም።

"ላፕቶፑ ደክሞ ቢሆንስ?" ካልሽ፣ እሱም ይለያል። ላፕቶፑ መከተል አቅቶት ድምፅ ሲጥል ኦዳሲቲ ቦታውን ባዶ ትቶ ምልክት ያደርግበታል፣ ቀረጻው ሲያልቅም ይነግርሻል። ርዝመቱ 60 ደቂቃ ሆኖ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ያንቺ ቀዳዳ የለውም፣ አጥሮ ነው የመጣው። ላፕቶፑን አትሽጪው።

መፍትሔው ባልዲውን ወደ ምንጩ ማስጠጋት ነው። ብራውዘሩንም፣ ሳውንድ ካርዱንም ዘለሽ ከኔቱ የሚመጣውን ራሱን ፋይል ላይ መጻፍ። ለዚህ ቪኤልሲ ይበቃል። በነጻ ነው፣ ምናልባትም ፊልም ለማየት ብለሽ ጭነሽው ይሆናል።

የሚያስፈልግሽ የስርጭቱ ትክክለኛ አድራሻ ነው። የጣቢያው ድረ ገጽ አድራሻ አይደለም፣ ድምፁ የሚወርድበት አድራሻ። አንዳንድ ጣቢያ "ያዳምጡ" የሚለው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ሴቭ ስትይው 1 ኪሎባይት እንኳን የማይሞላ ትንሽ ፋይል ይሰጥሻል። ብዙ ሰው "ቀዳሁት" ብሎ ይሄንን ለሰው ይልካል፣ ሰውየው ሲከፍተው ኔት ካለ ሬዲዮው በቀጥታ ይጫወታል፣ ኔት ከሌለ ምንም የለም። ፋይሉ ድምፅ አይደለም፣ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ነው። በኖትፓድ ክፈቺው፣ አድራሻው ውስጡ ተቀምጧል። እንደዚህ ያለ ከሌለ ደግሞ ገጹን በክሮም ክፈቺ፣ ኤፍ 12 ተጫኚ፣ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ሚዲያ የሚለውን ምረጪ፣ ከዚያ ማጫወቻውን አስነሺው። ብቅ የሚለው መስመር እሱ ነው። ራይት ክሊክ አድርገሽ አድራሻውን ኮፒ አድርጊ። የአንዳንዱ ጣቢያ አድራሻ በየጊዜው ስለሚቀየር እሁድ ጠዋት ከመጀመርሽ በፊት መሥራቱን አረጋግጪ።

ቪኤልሲ ላይ ሚዲያ ከሚለው ኦፕን ኔትወርክ ስትሪም ግቢና አድራሻውን ለጥፊ። ከማጫወትሽ በፊት ሾው ሞር ኦፕሽንስ የሚለውን ምልክት አድርጊ። ካሺንግ የሚል ሳጥን ይመጣል፣ በሚሊሰከንድ ነው። እሱን 10000 አድርጊው። ይሄ ማለት ቪኤልሲ የ10 ሰከንድ ድምፅ በጓዳው ይዞ ነው የሚጫወተው፣ ኔቱ ለ5 እና ለ6 ሰከንድ ቢሰናከል አይሰማሽም። ከዚያ ቪው ውስጥ አድቫንስድ ኮንትሮልስ ስትመርጪ ቀይ ክብ ያላት ቁልፍ ትመጣለች። እሷን መጫን ነው። ስትጨርሺ ድጋሚ ትጫኛታለሽ፣ ፋይሉን ሚውዚክ ፎልደር ውስጥ ፈልጊው፣ ካጣሽው ቪዲዮስ ውስጥ።

የዚህ መንገድ ደስ የሚለው ነገር ድምፁን ድጋሚ አለመጭመቁ ነው። ጣቢያው የላከውን እንዳለ ይጽፈዋል። ስፒከሩን ሚውት ብታደርጊው ይቀዳል። ብሉቱዝ ብታገናኚ ይቀዳል። ቴሌግራም "ቲንግ" ቢል አይገባም። በሉፕባክ ስትቀጂ ያቺ ቲንግ ልክ ተራኪው ሊያለቅስ ሲል ነው የምትገባው፣ ደርሶብኛል።

መጠኑም ቀላል ነው። ጣቢያው በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚያሰራጭ ከሆነ 1 ሰዓት 29 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ በ128 ከሆነ 58። ኦዳሲቲ ግን ሲቀዳ ሳይጨመቅ ነው የሚይዘው፣ በተለመደው አቀማመጡ 1 ሰዓት ስቴሪዮ 1.3 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ በቪኤልሲ ስትቀጂ ሰዓት ጠብቀሽ መቆም የለብሽም። 3 ሰዓት ተኩል ላይ አስነሺው፣ ቡናውን ጠጪ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አቁሚው። ትርፉን በኋላ ትቆርጪዋለሽ።

ቤት ካልሆንሽና የግድ በሰዓት የሚነሳ ከፈለግሽ ኦዳሲቲ ውስጥ ታይመር ሪኮርድ አለ። እዚህ ጋ ሰዓታችን ይጫወትብሻል። የኛ የጠዋቱ 4 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 10 ሰዓት ነው። 4 ብለሽ ከሞላሽው የሚነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። የባለሙያ ነኝ ባይ ስህተት ልንገርሽ፣ እኔ ራሴ ለአንድ ደንበኛ የማታ 2 ሰዓት ፕሮግራም ልቅዳለት ብዬ 2 ሞልቼ ተኛሁ። ጠዋት ያገኘሁት 1 ሰዓት ሙሉ የሌሊት ሙዚቃ ነው። ሰውየው "ይሄም ጥሩ ነው" ብሎ ወሰደው።

ኔቱ ራሱ ላይ ደግሞ የምትችይውን አድርጊ። እሁድ ጠዋት ቤት ውስጥ ስንት ስልክ ነው ዋይፋዩ ላይ ያለው? ታናናሾችሽ ቪዲዮ እያዩ ከሆነ ለ1 ሰዓት አስቁሚያቸው። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ከቻልሽ ከዋይፋይ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን አብሮ ይጠፋል፣ እንግዲህ በክረምት ይሄ ምን ያህል እንደሚያጋጥም አንቺም ታውቂዋለሽ። ላፕቶፑ ተኝቶ እንዳይቀርብሽም ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርጊው፣ ክዳኑንም አትዝጊ።

ፕሮግራሙ በጣም የሚያስፈልግሽ ቀን እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሁለት ቦታ ነው የምቀዳው። አንዱን በላፕቶፕ በቤቱ ዋይፋይ፣ ሌላውን በሌላ ኮምፒውተር ከስልክ በሚመጣ የሞባይል ዳታ። ሁለቱ ኔቶች በአንድ ሰከንድ አብረው የሚቋረጡበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። በኋላ ኦዳሲቲ ላይ አንዱ የዘለለውን ከሌላው ቆርጬ እሰካለሁ። የወንድምሽ ላፕቶፕ ካለ ለአንድ እሁድ ተዋሺው።

መብራት ድንገት ከጠፋና ዴስክቶፕ ከሆነ ስለ ፋይሉም አስቢ። ኤምፒ3 ስርጭት በመሃል ቢቋረጥ እስከዚያ ድረስ ያለው ይጫወታል። ኤምፒ4 ግን ማውጫውን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው፣ ሳይጨርስ ከተቋረጠ ፋይሉ አይከፈትም። ኦዳሲቲ ከሆነ አትደንግጪ፣ ድጋሚ ስትከፍቺው ልመልስልሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፣ እሺ በዪው።

አንድ ነገር መጀመሪያ ላይ ማለት ነበረብኝ። የጣቢያውን ቴሌግራም ቻናልና ዩቲዩብ አይተሻል? ብዙ ጣቢያዎች ትረካውን ከተላለፈ በኋላ ራሳቸው ይለጥፉታል። ካለ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፣ አውርደሽ ጨርሺ። የጠፉብሽን 19 ደቂቃዎችም ምናልባት እዚያ ታገኚያቸዋለሽ። ስለ ሕጉ ደግሞ ካሰብሽ፣ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ መውሰድን አይከለክልም። ለአባትሽ ቀዳሽ ማንም ምንም አይልሽም። በፍላሽ ሞልቶ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

የቀረው ፍላሹ ነው። አባትሽ የሚጠቀሙት ፍላሽ የሚሰካበት ትንሽ ሬዲዮ ከሆነ፣ እነዚያ ሬዲዮዎች መራጭ ናቸው። ፋይሉ ኤምፒ3 ይሁን። ቪኤልሲ የሰጠሽ ፋይል ሌላ ዓይነት ከሆነ ኦዳሲቲ ውስጥ አስገቢና ኤክስፖርት አድርጊው። ኦዳሲቲ ሊከፍተው እምቢ ካለ ቪኤልሲ ራሱ ኮንቨርት በሚለው ይቀይርልሻል። ለንግግር ሞኖ 64 ኪሎቢት ይበቃል፣ ኮንስታንት (የማይለዋወጥ) የሚለውን ምረጪ፣ ተለዋዋጩ ላይ አንዳንድ ሬዲዮ ሰዓቱን ያሳስታል። ፍላሹን ፎርማት ስታደርጊ ፋት32 ይሁን፣ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ ተጠቀሚ። ሬዲዮው አማርኛ ስም ማንበብ ላይችል ስለሚችል ፋይሎቹን 01፣ 02፣ 03 ብለሽ ሰይሚያቸው፣ በዚያው ተራ አንድ በአንድ ኮፒ አድርጊ። ብዙዎቹ የሚያጫውቱት በስም ተራ ሳይሆን በተገለበጡበት ተራ ነው። አንድ ደንበኛዬ እናቱ የታሪኩን መጨረሻ መጀመሪያ ሰምተው ተቆጥተውት ነበር።

አድራሻውን ማግኘት ካቃተሽ ኤፍ 12 ከፍተሽ ያየሽውን በስክሪንሹት ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። እናትሽንም እሁድ ጠዋት ሙቀጫውን አታስቁሚያቸው፣ ከአሁን በኋላ አይገባም።